ከሁሉም ቀላሉ ሽጉጥ ለምን የመጀመሪያ ምርጫዎ እንዳይሆን እመክራለሁ

ጥያቄ፦ «ሽጉጥ ለመግዛትና ከልብስ ሥር ይዤ ለመንቀሳቀስ የሚያስችለኝን ሕጋዊ ፈቃድ በቅርቡ አገኘሁ። ከዚህ በፊት ልምድ የለኝም። ሰውነቴ ቀጭን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወገቤ ላይ ከባድ ነገር መሸከም ይከብደኛል። እጄም ጠንካራ አይደለም፤ አንዳንድ ሽጉጦችን ለማቀባበል ሞክሬ አቅቶኛል። ሦስት ዓይነት ቀርበውልኛል፦ ባለ አምስት ጥይት ቀላል ሪቮልቨር፣ .380 የኪስ ሽጉጥ እና አነስተኛ ባለ 9 ሚሊ ሜትር። ሻጩ ‹ለጀማሪ ሪቮልቨር ይሻላል› ይለኛል። እኔ ግን ከሁሉም የሚቀለውን የኪስ ሽጉጥ ለመውሰድ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል? በቦርሳ ብይዘውስ?»

ምላሽ፦

መልሱን ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። ማቀባበል ከቻሉ አነስተኛውን 9 ሚሊ ሜትር ይውሰዱ። ካልቻሉ ለማቀባበል እንዲቀል ታስቦ የተሠራ፣ ከኪስ ሽጉጥ መጠኑ ከፍ ያለ .380 ይፈልጉ (.380 እና 9 ሚሊ ሜትር የጥይት ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው)። ቀላሉን ሪቮልቨርም (ባለ ከበሮውን ሽጉጥ) ሆነ ከሁሉም የሚቀለውን የኪስ ሽጉጥ ለጀማሪ አልመክርም። በቦርሳ መያዝን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው።

ሽጉጥ መተኮስ ሳስተምር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ትንሿንና ቀላሏን ሽጉጥ የገዛ ሰው ይሸከማታል እንጂ አይለማመድባትም። ስንፍና አይደለም፤ ያማል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች እንደምንም ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ መዳፍ ቀይ ይሆናል፣ የአውራ ጣት ሥር ይደማል፣ ሰውየው ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መለማመጃው ሥፍራ ላለመምጣት ምክንያት አያጣም። ከዓመት በኋላ ወገቡ ላይ ያለው መሣሪያ አንድ ቀን ብቻ የተኮሰበት ነው። ቀላል ሽጉጥ ለመሸከም ይቀላል፣ ለመተኮስ ይከብዳል። እርስዎ እየመረጡ ያሉት የመጀመሪያውን እያዩ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን እንዲያዩ ነው የምፈልገው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልናገር። ሽጉጥ በእጅ ማድረግና ሽጉጥ ደብቆ ይዞ መንቀሳቀስ በብዙ አገሮች የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ፈቃድ ላለው ሰውም ቢሆን የሚከለከሉ ቦታዎች አሉ። የካዝናው (ጥይት የሚሞላበት ክፍል) አቅምና የጥይቱ ዓይነት ሳይቀር ገደብ የሚጣልባቸው አገሮች ስላሉ የያዙትን ፈቃድ ከነዝርዝር ደንቡ ያንብቡት። ራስን መከላከል በፍርድ ቤት ተቀባይነት የሚያገኘው በአጠቃላይ አደጋው የቀረበና እውነተኛ፣ የተወሰደው እርምጃም ለአደጋው ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ማምለጥ የሚቻል ከሆነ ማምለጥ ግዴታ የሚሆንባቸው አገሮችም አሉ። ለንብረት ተብሎ፣ ለስድብ ተብሎ፣ በመንገድ ጠብ ውስጥ ሽጉጥ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ሽጉጥ የያዘ ሰው ከማንም በላይ ትዕግሥተኛ መሆን አለበት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚህ የማይስማማ ሰው እኔ ዘንድ አይሠለጥንም።

አሁን ወደ ክብደቱ። ጥይት ሲተኮስ አረሩና የባሩዱ ጋዝ ወደ ፊት በተገፉበት መጠን ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ ርግጫ መነሻው ጥይቱ ስለሆነ ያው ጥይት ከ800 ግራም ሽጉጥ ቢተኮስም ከ400 ግራም ቢተኮስም ግፊቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ግፊቱን በሚቀበለው ብረት ላይ ነው። ግማሽ የቀለለው ሽጉጥ በእጥፍ ፍጥነት ወደ ኋላ ይወረወራል፤ መዳፍ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። ሽጉጥ ሠሪዎች ብረቱን በአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየሙን በፕላስቲክ እየተኩ የቀነሱት እያንዳንዱ ግራም የሚከፈለው በእርስዎ እጅ ነው።

ርግጫው ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ በአደጋ ጊዜ ስለማይሰማ ችላ ሊባል ይችል ነበር። ችግሩ ሁለተኛውን ጥይት ማበላሸቱ ነው። ሽጉጡ በእጅ ውስጥ ይዞራል፣ አያያዝ ይላላል፣ ማነጣጠሪያው ወደ ዒላማው እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በትንሽ እጀታ ላይ ደግሞ ሦስተኛው ጣት ወይም ትንሿ ጣት የምትይዘው ስለማታገኝ ይህ ሁሉ ይብሳል። ብዙ ሰው እጀታውን በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ይዞ «ቆንጆ ናት» ይላል። በእጅ ላይ ቆንጆ መሆንና በተኩስ መሐል እጅ ውስጥ መቆየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሻጮች ሲነግሩ የማልሰማው ሌላም ነገር አለ፤ የቃታው ክብደት። መዶሻው (ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰው ክፍል) ከውስጥ የተሸፈነ አነስተኛ ሪቮልቨር ቃታውን ለመሳብ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይጠይቃል። ሽጉጡ ራሱ 400 ግራም ነው። ከራሱ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል የሚሳብ ነገር ሳይንቀሳቀስ ማቆየት ምን ያህል ጥንካሬና ልምምድ እንደሚጠይቅ ያስቡት። በዘመናዊ አነስተኛ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ግን የቃታው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም ነው፤ ሽጉጡም ከበድ ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ የጀማሪ ጥይት የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣሉ።

ማነጣጠሪያውም እንዲሁ። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር ትንሿ ስሕተት ትልቅ ትሆናለች። ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ የኪስ ሽጉጥ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በ7 ሜትር ላይ ጥይቱን 7 ሴንቲ ሜትር ያስታል። ርቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሽጉጥ ላይ ያው መዛነፍ ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በቀላሉ ይደርሳል።

ሻጩ «ለጀማሪ ሪቮልቨር» ያለበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ሐሳቡ የቆየ ነው። ሪቮልቨር ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ ስለሚይዝ ማቀባበል አያስፈልገውም፣ ካዝና የለውም፣ አንድ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ቀጣዩን ያመጣል። ለመረዳት ቀላል ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ለመረዳት መቅለልና ለመተኮስ መቅለል አንድ አይደሉም። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ባለ አምስት ጥይት አነስተኛ ሪቮልቨር እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ብረት ነበር። የዛሬው በአሉሚኒየም የተሠራ፣ 642 የተባለው ሞዴል ከ400 ግራም ትንሽ ነው የሚበልጠው። የአፈሙዙ ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ማነጣጠሪያው ከላይ በተቆረጠ ጭረት የተሠራ ነው፣ ቃታው ከላይ እንዳልኩት ከባድ ነው። ብዙ ተኩሶ በደንብ የሚያውቅ ሰው በዚህ መሣሪያ ተአምር ይሠራል። ለዚህ ነው የልምድ ሰው መሣሪያ የምለው፤ ለጀማሪ መስጠት ከባዱን ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን ማስጀመር ነው።

ሪቮልቨሩ የሚበልጥባቸው ሁኔታዎችም አሉ። መዶሻው የተሸፈነው ዓይነት ከኪስ ሲወጣ በጨርቅ አይያዝም። አፈሙዙ ከአጥቂው ሰውነት ጋር ቢጣበቅ እንኳ ይተኩሳል፤ የግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ (ሌሎቹ ሁለት ምርጫዎችዎ እንዲህ ያሉ ናቸው) የላይኛው ተንሸራታች ብረት ግን ወደ ኋላ ከተገፋ ላይተኩስ ይችላል። በእጅ ሕመም ምክንያት በምንም መንገድ ማቀባበል የማይችል፣ ነገር ግን ጠንካራ ጣት ያለው ሰው ሪቮልቨር ይሻለዋል። በዚህ ምክንያት ሪቮልቨር ለመውሰድ ከተገደዱ የአሉሚኒየሙን ትተው 600 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የብረቱን ይውሰዱ፤ ለስላሳ .38 ስፔሻል ጥይትም ይጠቀሙ። ከ350 ግራም በታች የሚመዝኑትን፣ ከስካንዲየም ቅይጥና ከታይታኒየም የተሠሩትን የ.357 ማግነም ሪቮልቨሮች ግን አይንኩ። የእነዚህ ርግጫ እጅግ ኃይለኛ ከመሆኑ የተነሣ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች አረር ከቀለሁ እየተነቀለ ወደ ፊት ይወጣና የከበሮውን መሽከርከር ሊያቆም ይችላል። ሠሪው ራሱ በአፈሙዙ ላይ ከተወሰነ ክብደት በታች ያለ አረር እንዳይጠቀሙ ያሳሰበባቸው ሞዴሎች አሉ።

ወደ .380 እንምጣ። ይህ ጥይት አሜሪካዊው የመሣሪያ ነዳፊ ጆን ብራውኒንግ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ነው። ጉልበቱ ከ9 ሚሊ ሜትር ግማሽ ገደማ ስለሆነ ርግጫው ያንሳል፤ ግን ይህ የሚሠራው በሽጉጡ አሠራር ላይ ተመሥርቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዥ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ዋልተር ፒፒኬና እሱን የመሰሉ የቆዩ ሽጉጦች አፈሙዛቸው ከተንሸራታቹ ጋር አይቆለፍም። ጋዙን የሚገታው የብረቱ ክብደትና የሞላው (የስፕሪንጉ) ጥንካሬ ብቻ ስለሆነ ሞላው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ለማቀባበል ይከብዳሉ፣ ሲተኮሱም ሹል ርግጫ አላቸው። እንደ ግሎክ 42 ያሉት ደግሞ አፈሙዛቸው በተተኮሰበት ቅጽበት ከተንሸራታቹ ጋር ተቆልፎ ትንሽ አብሮ ስለሚጓዝ ቀለል ያለ ሞላ ይበቃቸዋል። ባዶ ካዝና ይዞ 390 ግራም ገደማ የሚመዝነው ግሎክ 42 ከፒፒኬ ይልቅ ቀላል ሆኖ ሳለ በእጅ ላይ ለስላሳ ነው። ስለዚህ «.380 ነው» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ አሠራሩን ይጠይቁ።

እርስዎ ያሰቡት ከሁሉም የሚቀለው የኪስ ሽጉጥ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደወጣው ሩገር ኤልሲፒ ያለው፣ 270 ግራም ገደማ ነው። አፈሙዙ ተቆልፎ የሚሠራ ቢሆንም ክብደቱ ይህን ያህል ወርዶ፣ እጀታው ጠቦ፣ ማነጣጠሪያው አንሶ ርግጫው መልሶ ይጨምራል። ሌላ ሽጉጥ በምንም ዓይነት መያዝ በማይቻልበት ልብስ ውስጥ ላለ ሰው ጥሩ ሁለተኛ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያና ብቸኛ መሣሪያ እንዲሆን አይደለም።

የ.380 ሌላው ጥያቄ ጥይቱ ሰውነት ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በአሜሪካ ማያሚ በተደረገ ተኩስ ሁለት የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) መርማሪዎች ተገደሉ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱን ቀድሞ የመታው የ9 ሚሊ ሜትር አረር ልቡ ጋ ሳይደርስ በመቆሙ ሰውየው መዋጋቱን ቀጥሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ተቋሙ የጥይት መፈተኛ መመዘኛ አወጣ፤ አረር ሥጋን ተክቶ በሚፈተንበት ጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት ይላል። ዛሬም ብዙዎች በዚህ ይመዝናሉ። ጥሩ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከአጭር አፈሙዝም ቢሆን ይህን ያሟላል። የ.380 ጥይት ግን ጫፉ ባዶ ሆኖ ሲመታ ተዘርግቶ የሚፈካው ዓይነት ከፈካ ቀድሞ ይቆማል፣ ካልፈካ በቂ ጥልቀት ይገባል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳካ ጥቂት ነው። ይህ ማለት .380 አይገድልም ማለት አይደለም፤ ማንኛውም ጥይት ይገድላል። 9 ሚሊ ሜትር መተኮስ የሚችል ሰው .380 የሚመርጥበት ምክንያት የለውም ለማለት ነው። በአንጻሩ በ.380 አምስት ጥይት በአንድ ቦታ የሚያሳርፍና በ9 ሚሊ ሜትር የሚበታትን ሰው ያለ ምንም ማመንታት .380 ይያዝ።

አነስተኛው 9 ሚሊ ሜትር ለምን ከሁሉም ይቀድማል? እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ምርጫው ጠባብ ነበር፤ ትንሽ ሽጉጥ የፈለገ ስድስት ወይም ሰባት ጥይት ይቀበል ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሲግ ሳወር ፒ365 ካዝናው በተለየ ቅርጽ ተሠርቶ አሥር ጥይት በካዝናው፣ አንድ ደግሞ በአፈሙዙ መያዝ ቻለ፤ ክብደቱ ከባዶ ካዝና ጋር 500 ግራም ገደማ ነው። ሌሎች ሠሪዎችም ተከተሉት፤ ዛሬ በዚህ መጠን ከአንድ በላይ ጥሩ ምርጫ አለ። እኔ አንዱን ብራንድ ይዤ አልሟገትም። እንዲያዩ የምፈልገው ሦስት ጣት የሚይዝ እጀታ፣ ከጭረት የተሻለ ማነጣጠሪያ፣ ለእጅዎ የሚደርስ ቃታ መኖሩን ነው። ትንሿ ጣትዎ ከተንጠለጠለች ወደ ታች ረዘም ያለ መሠረት ያለው ካዝና ይጠይቁ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ትጨምራለች፤ ተኩሱን ግን ብዙ ታሻሽላለች።

ማቀባበል ላቃተው እጅ የምሰጠው የመጀመሪያ መድኃኒት ሌላ ሽጉጥ ሳይሆን ሌላ አያያዝ ነው። አብዛኛው ሰው ተንሸራታቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ይስባል፤ እንዲህ ማንም ይቸገራል። ሽጉጡን ባዶ መሆኑን በዓይንና በጣት አረጋግጠው፣ አፈሙዙን ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ እንዳዞሩ ወደ ደረትዎ ያስጠጉት። ቃታውን ሳይነኩ የሌላኛውን እጅ መዳፍ ከላይ በተንሸራታቹ የኋላ ክፍል ላይ ይጫኑና በአራቱም ጣቶች ይጭበጡት። ከዚያ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ከመሳብ ይልቅ እጀታውን በጠንካራው እጅዎ ወደ ፊት ይግፉት። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይልቀቁት፤ አብረውት ወደ ፊት አይሸኙት። ያቃታቸው ብዙዎች በዚህ አያያዝ ይችላሉ። ይህም ካልሠራ እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዜድ ያለውን ይመልከቱ። ይህ ሽጉጥ በተለይ ደካማ እጅ ላለው ሰው ተብሎ በቀላል ሞላ የተሠራ ነው፤ የ.380ው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፣ ስምንት ጥይት ይይዛል፣ ክብደቱም ከ500 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ካዝናው ራሱ ጥይት ለመሙላት የሚያግዝ ነው፤ ይህም ጣቱ ለደከመ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

«ግን 500 ግራሙ ወገቤን ይከብደዋል» ይሉኛል። ጥይቱ ሲጨመር ደግሞ ከ600 ያልፋል። እዚህ ላይ ነው ገንዘብዎን በተሳሳተ ቦታ እንዳያወጡ የምለምንዎት። በቅሎን የሚጎዳት የጭነቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን አጫጫኑ ነው፤ ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ለልብስ ማሳመሪያ በተሠራ ልል ቀበቶ ላይ 300 ግራም ይንጠለጠላል፣ ይወዛወዛል፣ አጥንት ይቆረቁራል። በማይታጠፍ ጠንካራ ቀበቶና በደንብ ወደ ሰውነት በሚጣበቅ አፎት 600 ግራም ይረሳል። ስለዚህ ከሽጉጡ ክብደት 200 ግራም ለመቀነስ ከሚጨነቁ ስለ ቀበቶውና ስለ አፎቱ ይጨነቁ።

አፎቱ የቃታውን ዙሪያ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ ክፍት ሆኖ የሚቆይ መሆን አለበት። ካይዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከደንበኛ ወፍራም ቆዳ የተሠራው ይሻላል። ለስላሳ ጨርቅና የላላ ቆዳ ተጣጥፎ ቃታውን ሊስብ ይችላል፤ ከአፎት ጋር በተያያዙ አደጋዎች ውስጥ ይህ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ሽጉጡን ወደ አፎቱ ሲመልሱ ደግሞ ማንም አያስቸኩልዎትም። ልብሱን ገለጥ ያድርጉ፣ ወደ አፎቱ ይመልከቱ፣ ጣትዎን ከቃታው አውጥተው በቀስታ ይመልሱት። በተለይ ከፊት በኩል ሆድ ላይ ለሚይዝ ሰው አፈሙዙ የሚያየው ጭኑን ነው፤ በጭን ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር ከተመታ የሚቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። በኪስ የሚይዝ ካለ ቃታውን በሚሸፍን የኪስ አፎት ይሁን፣ በዚያ ኪስ ውስጥ ቁልፍም ሳንቲምም አይግባ። የኪስ ብናኝ ሽጉጥ ውስጥ እየገባ እንዲነክስ (መተኮሱን እንዲያቆም) ስለሚያደርግ በየሳምንቱ ይጽዳ።

ቦርሳውን አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው። ቦርሳ ከሰውነት ይለያል፣ ወንበር ላይ ይቀራል፣ ይነጠቃል፣ ልጆች ይከፍቱታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2014 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አንዲት እናት በገበያ ላይ ሳለች የሁለት ዓመት ልጇ ከቦርሳዋ ውስጥ ባገኘው ሽጉጥ ተኩሶባት ሞታለች። እናትየዋ ፈቃድ ያላት፣ መሣሪያውን የምታውቅ ሴት ነበረች። ሽጉጡ ከሰውነትዎ ጋር ይሁን፤ ካልሆነ ተቆልፎ ቤት ይቅር።

ጥይት አጉርሶ መያዝን በሚመለከት ለጀማሪ የምለው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካዝናው ሙሉ፣ አፈሙዙ ባዶ ሆኖ ይያዙት፤ አፎቱን፣ ልብሱን፣ ራስዎን ይልመዱ። በዚህ ጊዜ ቃታው በራሱ ተስቦ ካላገኙት መተማመን ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ አጉርሰው የመያዙን ውሳኔ ከአሠልጣኝዎ ጋር ያድርጉት። የተለየ የደኅንነት ቁልፍ ያለው ሞዴል ከመረጡ ቁልፉን መክፈትን በእያንዳንዱ ልምምድ ውስጥ ያስገቡት። ያገለገለ የድሮ ትንሽ ሽጉጥ በርካሽ ቢቀርብልዎት ግን ይጠንቀቁ። ከብዙዎቹ የቀድሞ ዘመን ሽጉጦች ውስጥ ሲወድቁ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚገታ ነገር የሌላቸው አሉ፤ መሬት ላይ ቢወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ። ለዚህ ነው የድሮ ሪቮልቨር የያዙ ሰዎች ከመዶሻው ሥር ያለውን የከበሮ ቀዳዳ ባዶ የሚተዉት።

ሽጉጡን ከገዙ በኋላ ሊይዙት ባሰቡት ጥይት ይፈትኑት። ትንንሽ ሽጉጦች ተንሸራታቻቸው የሚጓዝበት ርቀት አጭር ስለሆነ ጥይት ይመርጣሉ፤ በላላ እጅ ከተያዙም ቀለሁን በደንብ ሳይተፉ ይነክሳሉ። ቢያንስ ሁለት መቶ ያህል ጥይት ያለ ችግር ካልተኮሰ ሕይወትዎን አያስይዙበት። ሲተኩሱ የጆሮና የዓይን መከላከያ አይለይዎት፤ የሽጉጥ ድምፅ 150 ዴሲቤልን ያልፋል፣ የመስሚያ ጉዳት ከዚያ በታች ይጀምራል፣ አጭር አፈሙዝም ድምፁን ያብሳል። አንድን ጥይት በየቀኑ እያወጡ መልሰው አያጉርሱት። አረሩ በተደጋጋሚ ግጭት ወደ ቀለሁ ውስጥ እየሰመጠ ግፊቱን አደገኛ ያደርገዋል። የላይኛዋን ጥይት ከአዲስ ጋር በዓይን ያወዳድሩ፤ ካጠረች ያስወግዷት።

ቤት ውስጥ ሽጉጡ በሰውነትዎ ላይ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጅ የማያገኘው ነው ብሎ ከቁም ሣጥን በላይ ማስቀመጥ መቆለፍ አይደለም። በቤትዎ ውስጥ በከባድ ሐዘን ወይም በድብርት ላይ ያለ ሰው ካለ፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤቱ ይውጣ። ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ለታመነ ሰው ወይም ለፖሊስ በአደራ ይሰጥ። መሣሪያ በቅርብ መኖሩ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚያሳድግ በሚገባ የታወቀ ነው። ከውጭ አጥቂ ይልቅ ይህ የቀረበ አደጋ የሆነባቸውን ቤቶች አውቃለሁ።

እንግዲህ ከመክፈልዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ። ሽጉጥ ተከራይቶ ወይም ከአሠልጣኝ ተበድሮ መተኮስ ወደሚቻልበት ሥፍራ ይሂዱና ሦስቱንም ዓይነቶች ይሞክሩ፤ ቢገኝ ለማቀባበል የሚቀለውን .380 ይጨምሩ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ባዶውን አሥር ጊዜ ያቀባብሉ፤ አሥረኛው ላይ እጅዎ ከዛለ ያንን ይተዉት። ከዚያ በእያንዳንዱ ሃምሳ ሃምሳ ጥይት በ5 ሜትር ርቀት፣ የተዘረጋ መዳፍ በሚያህል ወረቀት ላይ ይተኩሱ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አያድርጉት። የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች አይቁጠሩ። የመጨረሻዎቹን አምስት ግን እጅዎ ሲደክም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆሙ ይተኩሷቸው። አምስቱም ወረቀቱ ላይ ያረፉበትንና በነጋታው ደግመው ሊተኩሱበት የሚፈልጉትን ሽጉጥ ይውሰዱ። ከ400 ግራም ቢበልጥም ይውሰዱት፤ ከሽጉጡ ጋር ጠንካራ ቀበቶና ቃታውን የሚሸፍን አፎት በዚያው ቀን ይግዙ።